መገጣጠሚያው የሚያመው ጠላቂ ፊን እንዴት ይመርጣል? ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ ጅቡቲ ባሕር ለሚወርዱ

የስኩባ ፊን፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝሎ የሚጠልቅ ሰው እግሩ ላይ አድርጎ ውሃውን የሚቀዝፍበት ክንፍ መሰል ጫማ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በመልኩ፣ በፍጥነቱ ወይም ጓደኛ ስላመሰገነው ነው። እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው በዚህ መንገድ ቢገዛ የሚያጣው ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ዳሌው ወይም ወገቡ የሚያመው ሰው ግን ከድሬዳዋ ጅቡቲ ድረስ ተጉዞ ሁለተኛውን ቀን ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ሆቴል ውስጥ ሊያሳልፈው ይችላል። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የቀኝ ጉልበቴ ሜኒስከስ፣ ማለትም በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልስልስ ክፍል፣ የተቀደደው በወጣትነቴ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ስጫወት ሲሆን፣ ዛሬም በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የምጠልቀው ይህንኑ ጉልበት ይዤ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ቅደም ተከተል ሻጮች ከሚከተሉት ይለያል። መጀመሪያ መገጣጠሚያው የሚችለው እንቅስቃሴ ይታወቃል፤ ቀጥሎ ለዚያ እንቅስቃሴ የሚስማማው የእግር ምት ይመረጣል፤ ፊኑ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው።

የሚያመውን እንቅስቃሴ መለየት

ከሁሉ በፊት ሐኪም ነው። የስኩባ አሠልጣኞች ከመጥለቅ በፊት የሚያስሞሉት የጤና መጠይቅ አለ፤ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ሰው ሠራሽ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ የተገጠመለት፣ ወይም እግሩ የሚደነዝዝበት ሰው ያንን መጠይቅ ይዞ አጥንት ሐኪሙ ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል። ሐኪሙ ስለ ስኩባ ባያውቅም ጥያቄውን እርሱ በሚያውቀው መልክ ማቅረብ ይቻላል፦ «አርባ ደቂቃ ያህል እግሬን ከዳሌዬ ጀምሬ ወደ ላይና ወደ ታች ባወዛውዝ፣ ጉልበቴን ወደ ጎን ከፍቼ መልሼ ብገጥም፣ ሃያ ኪሎ የሚያህል ዕቃ አዝዬ ጥቂት የመሰላል እርከኖች ብወጣ፣ ከእነዚህ የትኛው ይከለከልብኛል?» የዚህ ጥያቄ መልስ ከማንኛውም የፊን ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅማል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ። በሆድዎ ይተኙና ከጭንዎ አጋማሽ በታች ያለው እግርዎ ከአልጋው ጠርዝ እንዲወጣ ያድርጉ። በመጀመሪያ ጉልበትዎን ብዙ ሳያጥፉ፣ እንቅስቃሴው ከዳሌ እንዲነሣ አድርገው፣ ሁለቱን እግሮች በየተራ ለሁለት ደቂቃ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዙ። ጥቂት ካረፉ በኋላ ጉልበቶችዎን አጥፈውና ወደ ጎን ከፍተው እንደ እንቁራሪት መልሰው ይግጠሟቸው። በመጨረሻም የመኪና ነዳጅ እንደሚረግጥ ሰው የእግርዎን ጣቶች ወደ ኋላ ዘርግተው ለጥቂት ጊዜ ያቆዩ። ከየእንቅስቃሴው በኋላ የት እንዳመመዎት በወረቀት ይጻፉ፤ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ነው፣ ከጉልበቱ የውስጥ ጎን ነው፣ ከተረከዝ ጅማት ነው፣ ከብሽሽት ነው፣ ወይስ ከወገብ? በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የተሰማዎትንም ይጨምሩበት። የመገጣጠሚያ ነገር በዕለቱ ዝም ብሎ በማግሥቱ የሚናገር ስለሆነ፣ የጠዋቱ ማስታወሻ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው።

ምቱን መምረጥ

ጠላቂዎች በዋናነት የሚጠቀሙባቸው ምቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው እግሮች በየተራ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱበት ተለዋዋጭ ምት ነው፤ ሁለተኛው ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው የሚገጥሙበት የእንቁራሪት ምት ነው። የእንቁራሪት ምት ከሥር ያለውን አሸዋ ስለማያቦን፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላም ተንሳፍፎ ለማረፍ ስለሚያመች፣ ብዙ አሠልጣኞች ያደንቁታል፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን በዚህ ምት የጉልበቱ የውስጥ ጎን ጅማት እየተወጠረ ስለሚጠመዘዝ፣ የውስጥ ጎን ጅማቱ ወይም ሜኒስከሱ የተጎዳ ሰው በጥንቃቄ ሊያየው ይገባል፤ በደረት የሚዋኙ ስፖርተኞች የሚቸገሩበት የታወቀ የጉልበት ሕመምም የሚመጣው ከዚሁ እንቅስቃሴ ነው። ዳሌው የሚያመው ወይም ዳሌው የተቀየረለት ሰው እግሩን ሰፋ አድርጎ መክፈት ስለሚከብደው እርሱም እንዲሁ ነው።

በአንጻሩ ተለዋዋጭ ምት በትክክል ከተሠራ፣ ማለትም ከዳሌ ተነሥቶ ጉልበቱ በጥቂቱ ብቻ ከታጠፈ፣ ለጉልበት የተሻለ ነው፤ ሥራው ግን ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ወገብ ይዛወራል። ስለዚህ የተረከዝ ጅማቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ የሚያመው ሰው የእንቁራሪቱን ምት በጠባቡ ቢሠራ ሊሻለው ይችላል። ብስክሌት እንደሚነዱ ጉልበትን ወደ ደረት እየሳቡ መርገጥ ግን ከሎሚው ሥር ያለውን ቦታ ከማቁሰል በቀር ወደፊት አይወስድም፤ ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ስለሆነ አሠልጣኝዎ ከኋላ ሆኖ እንዲያይልዎ ይጠይቁት።

ፊኑ

ፊን መገጣጠሚያን የሚያስቸግርበት ዋናው ምክንያት በእግር ጫፍ ላይ የተቀጠለ ርዝመት መሆኑ ነው። በደቻቱ አሸዋ ሲጭኑ የሚውሉ ሰዎችን ያየ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አካፋው ላይ ያለው አሸዋ ያው ሆኖ ሳለ፣ እጀታውን ከጫፉ የያዘው ወገቡ ይቆረጣል፤ ወደ አሸዋው ተጠግቶ የያዘው ግን እንደ ዋዛ ያነሣዋል። የፊኑ መቅዘፊያ ሰሌዳ ላይ የሚያርፈው የውሃ ግፊትም እንዲሁ ነው፤ እኩል ግፊት ከቁርጭምጭሚት 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከሚያርፍ ይልቅ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ የሚሸከመው ጫና እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ሰሌዳው ጠንካራ ከሆነ፣ ከሰሌዳውና ከመገጣጠሚያው አንዱ መታጠፍ ስላለበት፣ የሚታጠፈው መገጣጠሚያው ይሆናል። ያለ ሲሊንደር በትንፋሽ ብቻ ለሚጠልቁ የተሠሩት በጣም ረጃጅም ፊኖች የቱንም ያህል ቢያምሩ ለእኛ አይደሉም።

ለታመመ ጉልበት በተደጋጋሚ የሚመከረው ሰሌዳው መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ፊን ነው። የአፖሎ ባዮ ፊን፣ የስኩባፕሮ ትዊን ጄትና የአቶሚክ ስፕሊት ፊን በዚህ ዓይነት የታወቁ ናቸው። ሰሌዳው ሁለት ስለሆነ እግር ሲመታ ክንፎቹ ተጣጥፈው ውሃውን ያሳልፋሉ፤ ጠላቂው በአንድ ከባድ ምት ፈንታ ብዙ ትንንሽና ፈጣን ምቶችን እየመታ ይሄዳል። እኔ የቀየርኩት ወደዚህ ዓይነት ነው፤ ለጉልበቴም ተስማምቶኛል። ዕዳው ግን መነገር አለበት። የተሰነጠቀ ፊን ለእንቁራሪት ምት አይመችም፤ ወደ ኋላ መቅዘፍና በአንድ ቦታ መዞርም ይከብዳል፤ ብርቱ የባሕር ጅረት ሲመጣ ደግሞ ጉልበት ጨምረው ቢመቱት እንኳ የዚያኑ ያህል አይመልስም። ስለዚህ አልጋው ላይ ባደረጉት ፍተሻ የእንቁራሪቱ ምት ተመችቶዎት ተለዋዋጩ ካመመዎት፣ ሰዎች ስለመከሩት ብቻ የተሰነጠቀ ፊን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ለእርስዎ የሚሻለው አጠር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ ያልተሰነጠቀ ሰሌዳ ነው።

ከዚህ ወጣ ያለው ፎርስ ፊን የሚባለው ነው። ሰሌዳው አጭር ሆኖ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ የእግር ጣቶች በፊቱ ክፍት በኩል ስለሚወጡም ጫናው ከጣቶቹ ይልቅ በእግሩ ጀርባ ላይ ያርፋል። ጣቶቹና የእግሩ መዳፍ ለሚያመው ሰው መሞከር ይገባዋል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ቁርጭምጭሚቱ ወደ ኋላ የማይዘረጋለት ሰው ሰሌዳው ከእግር መዳፍ መስመር ወደ ታች ያዘነበለ ፊን ይፈልግ። እንዲህ ያለው ፊን ጣቶች ሙሉ በሙሉ ባይዘረጉም ከባት ጋር ወደ አንድ መስመር ስለሚጠጋ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሊያደርግ ያቃተውን ፊኑ ያደርግለታል። ይህን ለማወቅ ፊኑን በጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስተኝቶ መዳፉንና ሰሌዳውን ማየት ብቻ ይበቃል።

ክብደትም ቀላል ነገር አይደለም። ከሙሉ ጎማ የተሠሩት እንደ ጄት ፊን ያሉት ጥንዱ 3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ፤ ውሃ ውስጥም ይሰምጣሉ። በጅቡቲ ሞቃት ውሃ በስስ ልብስ ለሚጠልቅ ሰው እግርን ወደ ታች ስለሚጎትቱት፣ ጠላቂው ሳያስበው እግሩን ለማንሣት ብቻ ሲመታ ይውላል፤ ወገብ የሚያመው ሰው ይህን ማታ ያውቀዋል። በተቃራኒው በፖሊዮ ወይም በረጅም ሕመም ጡንቻው የሳሳ እግር ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ እግር ትንሽ ከበድ ያለ ፊን ሚዛን ሊሰጥ ይችላል። አንዱ እግር ከሌላው የደከመ ከሆነ ሁለቱም ፊኖች በደካማው እግር ልክ ይመረጡ። ብርቱው እግር በቀላል ፊን አይጎዳም፤ ደካማው ግን በከባዱ ይጎዳል።

በእጅዎ የያዙትን ፊን ለመፈተን የእግር ማስገቢያውን በሁለት እጅ ይዘው የሰሌዳውን ጫፍ ከግድግዳ ጋር ይግፉት። በቀላል ግፊት ወደ ደጋን ቅርጽ የሚታጠፍ፣ ሲለቁትም ሳይዘገይ የሚመለስ መሆን አለበት። ለመታጠፍ የደረት ክብደት የሚጠይቅ ከሆነ ይመልሱት፤ ታጥፎ የሚቀር ከሆነም አርጅቷል።

የእግር ማስገቢያውና ማሰሪያው

ሞቃት ውሃ ስለሆነ ብዙዎች ተረከዙ የተደፈነውንና በባዶ እግር የሚገባውን ዓይነት ይመርጣሉ፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ለታመመ መገጣጠሚያ ግን ተረከዙ ክፍት ሆኖ በኒዮፕሪን ቡት፣ ማለትም ከለስላሳ ስፖንጅ መሰል ጎማ በተሠራ ጫማ፣ የሚለበሰውን እመርጣለሁ። አንደኛው ምክንያት ቡቱ ቁርጭምጭሚትን ደግፎ ስለሚይዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጅቡቲ የባሕር ዳርቻ በብዙ ቦታ ኮራልና ስለታም ድንጋይ ስለሆነ፣ የሚያነክስ ሰው በባዶ እግሩ ሊራመድበት አይችልም። ከሁሉ በላይ የተደፈነውን ፊን ለማስገባት ጎንበስ ብሎ መታገል ይጠይቃል፤ ዳሌው የተቀየረለት ሰው ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ያስጠነቀቀው እንዲህ ካለው መጉበጥ ነው።

ማሰሪያው ባለ ሞላ (ስፕሪንግ) ይሁን። ከማይዝግ ብረት የተጠቀለለው ሞላ አንዴ ከተገጠመ ማጥበቅና ማላላት የለውም፤ ከኋላው ባለው ቀለበት በአንድ ጣት ተስቦ ተረከዝ ላይ ይጣላል። ይህን ሳላውቅ በፊት የድሬዳዋ ሙቀት የጎማ ማሰሪያዬን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አድርቆ ሰነጠቀብኝና ከዚራ አካባቢ ወዳለ ጎሚስታ ሄጄ ከካላማዳሪያ አስቆረጥኩ። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ ጎማውን በሁለት እጁ ወጥሮ እያሳየኝ፣ «አቦ፣ ይሄ ሲኖትራክ ይጎትታል፤ ያንተን እግር ያቅተዋል?» አለኝ። አላቃተውም፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ተለጠጠና ፊኑ ከእግሬ ወለቀ። በአንድ ፊን ወደ ጀልባው የተመለስኩባት ያቺ አጭር መንገድ ለጉልበቴ የሁለት ሳምንት ሥራ ሰጥታዋለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጁ የጠየቅኩትን ነው የሠራው።

ልክን በተመለከተ፣ ፊኑ ሁልጊዜ ከቡቱ ጋር ይለካ፤ ከተቻለም ከሰዓት በኋላ፣ እግር በሙቀትና በመራመድ አበጥ ባለበት ጊዜ ይሁን። ጣቶች መንቀሳቀስ አለባቸው፤ እግር ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር ግን ፊኑ አብሮ መዞር አለበት። የጠበበ ፊን የደም ዝውውርን እየያዘ ባትን ያሸማቅቃል፤ የሰፋው ደግሞ በየምቱ እየተወላገደ ቁርጭምጭሚትን ያጣምማል። በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል እንጂ የስኩባ ፊን አላየሁበትም፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናስመጣው በውጭ ባለ ዘመድ ነው። ለዘመድ የጫማ ቁጥር ብቻ መላክ አይበቃም። ቡት አድርገው ወረቀት ላይ ቆመው የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ ያስነሡ፤ ርዝመቱንና ሰፊውን ቦታ በሳንቲ ሜትር ለክተው ከፎቶው ጋር ይላኩ። በጅቡቲ ለመከራየት ያሰበ ሰውም ከመነሣቱ በፊት ደውሎ ምን ዓይነት ፊን እንዳላቸው ይጠይቅ፤ የሚከራየው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ።

መዋኛ ገንዳ ውስጥ መሞከር

አዲስ ፊን ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ላይ አይሞከርም። ድሬዳዋ ባሕር ባይኖራትም የሆቴል መዋኛ ገንዳ አላት፤ ያው ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ፣ ያለ ሩጫ፣ ፊትዎን ውሃ ውስጥ አድርገው በስኖርክል፣ ማለትም ጫፉ ከውሃው በላይ በሚቀር የመተንፈሻ ቱቦ፣ እየተነፈሱ ይቅዘፉ። በማግሥቱ ጠዋት ማስታወሻዎን ይመልከቱ፤ ከተለመደው የባሰ ነገር ከሌለ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ሃያ ደቂቃ ያሳድጉት። ከጉዞው በፊት ለአንድ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ የተለማመደ እግር፣ ፊኑ መካከለኛ ቢሆን እንኳ፣ ውድ ፊን ገዝቶ ካልተለማመደ እግር ይሻላል። ሕመም ማስታገሻ ውጦ መሞከር ግን ራስን ማታለል ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ሕመሙ ነው።

ባት ሲሸማቀቅ የሚደረገውንም እዚሁ ይለማመዱ። ምቱን ያቁሙ፤ የፊኑን ጫፍ በእጅዎ ይዘው ወደ ራስዎ እየሳቡ ጉልበትዎን ቀስ ብለው ይዘርጉ። እጁ ጫፉ ጋ የማይደርስለት ሰው ከአጣማሪው ጠላቂ ጋር አስቀድሞ በምልክት ይስማማ።

መግባትና መውጣት

ከልምዴ እንደታዘብኩት መገጣጠሚያን የሚጎዳው ከውሃው ውስጥ ይልቅ ከውሃው ውጭ ያለው ነው። ፊን አድርጎ በየብስ መራመድ አያስፈልግም፤ ግድ ከሆነም ወደ ኋላ ይኬዳል። ከትንሽ ጀልባ ላይ በጀርባ ተንከባሎ መግባት ጉልበትን አይነካም። ሲወጡ ግን ሲሊንደሩና በአየር የሚሞላው የመንሳፈፊያ ጃኬት ታዝሎ መሰላል መውጣት ለታመመ ጉልበት ከባዱ ፈተና ስለሆነ፣ ጃኬቱን በአየር ይሙሉና የክብደት ቀበቶውን አስቀድመው ለጀልባው ሰው ያቀብሉ፤ ቀጥሎ ጃኬቱን ከነሲሊንደሩ ውሃው ውስጥ አውልቀው ይስጡ። ፊኑ የሚወልቀው በመጨረሻ፣ አንድ እጅ መሰላሉን ወይም ገመዱን ከያዘ በኋላ ነው፤ ፊኑን አስቀድሞ ያወለቀ ሰው ጅረት ቢወስደው የሚመለስበት ነገር የለውም። ይህን ሁሉ ለጀልባው ሰው ከመነሣትዎ በፊት ይንገሩ። አንዳንድ ሰው ማነከሱን መናገር ያፍራል፤ ባሕር ላይ ግን ይሉኝታ አያዋጣም።

በጉልበት ላይ ክብደት የሚጨምር ሌላም ነገር አለ፤ በክብደት ቀበቶው ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ብረት ከልክ ሲያልፍ። ከሚያስፈልገው በላይ ሁለት ኪሎ ጨምሮ የታጠቀ ሰው ውሃ ውስጥ እግሩ ወርዶ፣ ደረቱ ቀና ብሎ ይሄዳል፤ የትኛውም ፊን ይህን አያርምለትም።

የት መጥለቅና መቼ መመለስ

ለስላሳ ፊን የመረጠ ሰው የሚጠልቅበትን ቦታም በዚያው ልክ ይመርጣል። በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ የዓሣ ነባሪ ሻርኮች በሚታዩበት በአርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ የተረጋጋ ቀን ጠብቆ መውረድ ይቻላል። ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶችና የጉቤት መግቢያ ግን በብርቱ ጅረታቸው የታወቁ ስለሆኑ፣ ለደካማ እግር የሚሆን ፊን ይዞ የሚገባባቸው አይደሉም።

ከመጥለቅ በኋላ ስለሚመጣ ሕመም አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚመጣው የጠላቂዎች ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በመገጣጠሚያ ሕመም ነው። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው «ያው የለመደብኝ ጉልበቴ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጠዋት ጠዋት የጻፉት ማስታወሻ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ሕመሙ ከወትሮው በተለየ ቦታ ከሆነ፣ በዕረፍትና በአቀማመጥ የማይለወጥ ከሆነ፣ ወይም ከመደንዘዝና ከድካም ጋር ከመጣ፣ ፊኑን መውቀስ ትተው ኦክስጅን ይጠይቁና ወዲያው የጠላቂዎችን ሕመም የሚያውቅ ሐኪም ያግኙ።

ለእኛ ደግሞ ተራራው አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ ከጅቡቲ በባቡርም ሆነ በመኪና ወደ ቤት መመለስ ለሰውነት አውሮፕላን የመሳፈር ያህል ነው። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከበረራ በፊት እንዲጠበቅ የሚመክረው ጊዜ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ናይትሮጅን እንዲወጣ በመንገድ መቆም ካላስፈለገው አንድ ጊዜ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ወይም ለብዙ ቀናት ከዘለቀ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። ይህም ማለት ለሁለት ቀን የጠለቀ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ከውሃ ከወጣ፣ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከጅቡቲ መነሣት የለበትም። የጠዋቱ ባቡር ከዚያ ቀድሞ የሚነሣ ከሆነ የመጨረሻው መጥለቅ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ይሳብ፤ ወይም ይቅር። ሐረር የሚገባው ደግሞ ደንገጎን ለመውጣት ሳይቸኩል ድሬዳዋ አንድ ሌሊት ቢያድር እመክራለሁ፤ በዚያው ፊኑን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ሰሌዳው እንዳይጣመም ዘርግቶ፣ ጥላ ሥር ያድርቀው።